የማሳው ባለቤትና የአዝመራው ባለድርሻ

በጃቫ የአንዲት የገበሬ መንደር የኑሮና የንብረት ታሪክ

የመሬት መዝገብ የባለይዞታውን ስም፣ የማሳውን ስፋትና የሚከፈለውን ግብር ይናገራል። በማሳው ላይ ከበቀለው እህል እነማን እንደሚበሉ ግን አይናገርም። በኢንዶኔዥያ የጃቫ ደሴት ገበሬ ለብዙ ዘመን የኖረው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። ማሳው በአንድ ሰው ስም ተጽፎ ይገኛል፤ አዝመራው ሲደርስ ግን ከምርቱ ድርሻ አለን የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። ይህንም የሚሉት በልመና ሳይሆን በወግና በመብት ነበር። ያ መብት ምን ይመስል እንደነበረ፣ እንዴት እንደጠበበና የገበሬው ኅብረት ሥራ ማህበር በዚያን ጊዜ የት እንደነበረ መመርመር በተለይ ለማህበር አባላት የሚጠቅም ታሪክ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብሎ ካልተለየ በቀር፣ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከዮግያካርታ ከተማ ወደ ደቡብ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ፣ በባንቱል አውራጃ በኢሞጊሪ ወረዳ ውስጥ ስሪሃርጆ የምትባል መንደር ትገኛለች። ኢሞጊሪ የማታራም ነገሥታት የተቀበሩበት ኮረብታ ያለበት ሥፍራ በመሆኑ በጃቫ ሕዝብ ዘንድ የታወቀ ነው። ስሪሃርጆን ያስታወቃት ግን የነገሥታት መቃብር ሳይሆን የነዋሪዎቿ ድህነት ነው። ኢንዶኔዥያዊው ምሁር ማስሪ ሲንጋሪምቡንና የግብርና ኢኮኖሚ ባለሙያው ዴቪድ ፔኒ የመንደሯን ቤተሰቦች መሬትና ገቢ ቆጥረው በ1973 ጥናታቸውን ካሳተሙ ወዲህ፣ ስለ ጃቫ ገጠር በተጻፉ መጻሕፍት ውስጥ የመንደሯ ስም ደጋግሞ ይነሳል።

መንደሯ ከፊሏ ሜዳ፣ ከፊሏ ደግሞ በኦዮ ወንዝ ዳር ያለ ኮረብታ ነው። እንደ ሌሎቹ የጃቫ መንደሮች ሁሉ መሬቷ በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው «ሳዋህ» ይባላል፤ ዙሪያው በድንበር ታጥሮ ውኃ የሚተኛበት የሩዝ ማሳ ነው። ሁለተኛው በዝናብ ብቻ የሚለማው ደረቅ እርሻ ሲሆን፣ ካሳቫ፣ በቆሎና ኦቾሎኒ ይዘራበታል። ሦስተኛው የጓሮ መሬት ነው። በእርሱ ላይ ኮኮናት፣ ሙዝና ፍራፍሬ እላይና እታች ተደራርበው ይበቅላሉ፤ ሥር ሥሩን ዶሮና ፍየል ይውላል። እንግዳ ሰው ጫካ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል፤ ለቤቱ እመቤት ግን ጎተራም መድኃኒት ቤትም ነው።

ሁለቱ ተመራማሪዎች በስሪሃርጆ የሰሙት አንድ ቃል ነበር፤ «ቹኩፓን» የሚል። ትርጉሙ «የሚበቃ» ማለት ነው። ሀብታም መሆን ማለት አይደለም፤ ቤተሰቡ ከመከር እስከ መከር ሳይበደር የሚበላውና የሚለብሰው ካገኘ፣ ለሠርግና ለሐዘንም ካላፈረ «ቹኩፓን» ነው ይባላል። ተመራማሪዎቹ ለዚህ ስንት መሬት ያስፈልጋል ብለው የገበሬዎቹን ስሌት ተከትለው ሲቆጥሩ፣ የሚበቃው መሬት ያለው ቤተሰብ እጅግ ጥቂት ሆኖ ተገኘ። የቀረው በሌላው ማሳ ላይ በእኩል ያርሳል፣ በቀን ሥራ ይውላል፣ ወይም የኮኮናት ዛፍ ላይ ወጥቶ ፈሳሹን እየቀዳ ስኳር ያነጥራል። ይህ የመጨረሻው ሥራ የድሆች ሥራ ነበር። በቀን ሁለት ጊዜ ረጅም ዛፍ መውጣትና መውረድ አለበት፤ ዝናብ በጣለ ቀን ግንዱ ያንሸራትታል፤ ወድቆ የሚሰበረውና የሚሞተውም ጥቂት አልነበረም። ዛፉ የራሱ ያልሆነ ሰው ደግሞ ያገኘውን ከዛፉ ባለቤት ጋር ይካፈላል።

ስለ ንብረት ሲነሳ የጃቫ ልማድ አንድ የሚያስገርም ጠባይ አለው። ሚስት ወደ ትዳር ይዛው የመጣችው መሬት የራሷ ሆኖ ይቀራል፤ ባልም እንዲሁ። ሁለቱ በጋብቻ ዘመናቸው ያፈሩት ደግሞ «ጎኖ ጊኒ» ተብሎ የጋራ ይሆናል፤ ቢፋቱም ይካፈሉታል። በውርስ ጊዜ በአንዳንድ ቤተሰብ ወንዱ ሁለት እጅ፣ ሴቷ አንድ እጅ ትወስዳለች። ምክንያቱም ወንድ በትከሻው ላይ ባጋደመው እንጨት ሁለት ሸክም ግራና ቀኝ ሲሸከም ሴት ግን በጀርባዋ አንድ ታዝላለች የሚል ነው። በሌላው ቤተሰብ ግን ሁሉም ልጆች እኩል ይካፈላሉ። እኩልነቱ መልካም ነው፤ ሆኖም ለአባት የበቃው ማሳ ለአምስት ልጆች ሲከፈል ለማንም እንደማይበቃ የታወቀ ነው። የአንድ ጃቫዊ ገበሬ ይዞታ በአማካይ ከአንድ ሄክታር በእጅጉ ያነሰው በባላባት ንጥቂያ ብቻ ሳይሆን በዚህም ምክንያት ነው።

ቤት የሚሠራው በደቦ ነው። እነርሱ «ሳምባታን» ይሉታል። የቤቱ ባለቤት ምግብና ቡና ያቀርባል፤ ጎረቤት ጉልበቱን ያቀርባል፤ ሌላ ቀን ደግሞ ተረኛው ሌላው ነው። ሴቶቹ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ ገንዘብ እያዋጡ ለባለ ዕጣ የሚሰጡበት «አሪሳን» የሚባል ማህበር አላቸው፤ ይህ ከእኛ እቁብ ጋር አንድ ስለሆነ ማብራራት አያስፈልገውም።

የንጉሥ መሬት

በዮግያካርታ ሱልጣኔት መሬት ሁሉ የንጉሡ ነበር። ንጉሡ ለቤተሰቡና ለሹማምንቱ በደመወዝ ፈንታ መሬት እየከፈለ ይሰጣል፤ ተቀባዩ ከተማ ተቀምጦ ግብሩን ይበላል። የጉልት ሥርዓትን የሚያስታውስ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። በመካከል «በከል» የሚባል ግብር ሰብሳቢ አለ፤ መንደሩንም የሚያስተዳድረው እርሱ ነው። በተለመደው አከፋፈል ምርቱ አምስት ቦታ ተከፍሎ ሁለቱ እጅ ለባለ ጉልቱ፣ አንዱ እጅ ለበከሉ፣ ሁለቱ እጅ ላረሰው ገበሬ ይደርሳል። የጉልበት ግዴታው ከዚህ ሌላ ነው።

ከሱልጣኔቶቹ ውጭ ያለው የጃቫ ክፍል በቀጥታ በሆላንድ ቅኝ አገዛዝ ሥር ነበር። በ1830 አገረ ገዢው ቫን ደን ቦሽ መንደሮች ከመሬታቸው አንድ አምስተኛውን ለሸንኮራ አገዳ፣ ለኢንዲጎና ለመሳሰለው የውጭ ንግድ ሰብል እንዲያውሉ አስገደደ። ቡና ደግሞ በተራራማው አካባቢ በግዳጅ ይተከል ነበር። ሕጉ አንድ አምስተኛ ይበል እንጂ በተግባር ከዚያ ያለፈበት ቦታ ብዙ ነው፤ ሹማምንቱ በሚሰበሰበው ምርት መጠን ጉርሻ ይከፈላቸው ስለነበር ገበሬውን ከማስጨነቅ የሚያግዳቸው አልነበረም። በ1849 እና በ1850 በማዕከላዊ ጃቫ በደማክና በግሮቦጋን ብዙ ሕዝብ በረሃብ አለቀ። ያ ቡና መነሻው ከሀገራችን ጫካዎች ሆኖ፣ በየመንና በሕንድ አድርጎ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጃቫ የደረሰ ተክል ነው። በ1860 ሙልታቱሊ በሚል የብዕር ስም የሚጽፍ አንድ የቀድሞ የቅኝ አገዛዙ ሹም «ማክስ ሃቬላር» የተባለውን ልብ ወለድ አሳትሞ የጃቫን ገበሬ በደል ለሆላንድ ሕዝብ ገለጠ። በ1988 በሆላንድ የተጀመረው የፍትሐዊ ንግድ ምልክት ስሙን የወሰደው ከዚህ መጽሐፍ ነው። የኢትዮጵያ ቡና አምራች ገበሬዎች ዩኒየኖች በፍትሐዊ ንግድ ገበያ ሲሸጡ የጃቫ ገበሬ መከራ ከወለደው ስም ጋር ተገናኝተዋል ማለት ይቻላል።

በ1870 የወጣው የመሬት ሕግ ባለቤትነቱ ያልተረጋገጠ መሬት ሁሉ የመንግሥት ነው አለ። የውጭ ሰው የጃቫን ገበሬ መሬት እንዳይገዛ ከለከለ፤ እንዲከራይ ግን ፈቀደ። በዮግያካርታ የስኳር ፋብሪካዎች መሬቱን የሚከራዩት ከገበሬው ሳይሆን ከባለ ጉልቶቹ ነበር። ገበሬው ማሳው ላይ ቆሞ እያለ ማሳው ከነጉልበቱ ይከራያል። ሸንኮራው በየተራ ከማሳ ወደ ማሳ ይዘዋወራል፤ ሩዙም ሸንኮራው በለቀቀው መሬት ላይ ይዘራል። የመስኖው ውኃም ቢሆን ፋብሪካው ከጠጣ በኋላ ነው ለገበሬው የሚደርሰው።

ይህ ሥርዓት በሱልጣኔቱ የተሻረው በ1910ዎቹ ዓመታት ነው። ባለ ጉልቶቹና በከሎቹ ቀርተው መንደሮች በአስተዳደር ተቋቋሙ፤ ገበሬውም መሬቱን ለልጅ ልጅ የመጠቀም መብት አገኘ። የመሬቱ ባለቤት ግን ንጉሡ መሆኑን በ1918 የወጣው ድንጋጌ ደግሞ አረጋገጠ። መንደሩ ከያዘው መሬት ከፊሉን ለሹማምንቱ ማደሪያ አደረገ፤ «ሉንጉህ» ይባላል። ለጡረተኛ ሹም የሚሰጥ መሬትም ነበር፤ ከተከራየ ገቢው ለመንደሩ ወጪ የሚውል የጋራ መሬትም ተለየ። የመንደር ሹም በሥልጣን እስካለ ድረስ ከመንደሩ ትልልቅ ይዞታዎች አንዱ በእጁ ነው፤ ኋላ የሚሆነውን ለመረዳት ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል።

በመንደሩ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉም አንድ አልነበረም። የሩዝ ማሳም የጓሮ መሬትም ያለው ሙሉ ገበሬ ግብርና የጉልበት ግዴታ ይሸከማል፤ በስብሰባ የሚናገረውና ሹም የሚመርጠውም እርሱ ነው። ከእርሱ በታች የጓሮ መሬት ብቻ ያለው፣ ከዚያም በታች በሌላው ጓሮ ላይ ጎጆውን ተክሎ የሚኖረው ጥገኛ አለ። ጥገኛው በመንደሩ ጉዳይ ድምፅ አልነበረውም። ይህ የተለወጠው ከነጻነት በኋላ ነው። ሱልጣን ሃመንግኩ ቡዎኖ 9ኛ ከ1945 በኋላ ባወጧቸው ደንቦች አዋቂ የሆነ ነዋሪ ሁሉ፣ ወንድ ሴት፣ ባለ መሬት መሬት አልባ ሳይባል፣ የመንደር ሹምና ምክር ቤት እንዲመርጥ ተደረገ። በ1954 ደግሞ በግዛቱ ደንብ የገበሬው የመጠቀም መብት ወደ ተወራሽ የግል ባለቤትነት ተለወጠ።

ብሔራዊው የመሬት ሕግ የወጣው በሴፕቴምበር 24 ቀን 1960 ነው። ይህ ቀን እስከ ዛሬ በኢንዶኔዥያ የገበሬዎች ቀን ተብሎ ይከበራል። በዚያው ዓመት የወጡት ሕጎች ሕዝብ እጅግ በተጨናነቀበት አካባቢ አንድ ቤተሰብ ከ5 ሄክታር በላይ የሩዝ ማሳ እንዳይኖረው ወሰኑ፤ የእኩልና የሲሶ አራሽን ድርሻ በጽሑፍ ውል እንዲሆን አዘዙ። ከሁሉ ይበልጥ ለድሃው ቅርብ የነበረው አንድ አንቀጽ ነው። ገበሬው ሲቸግረው መሬቱን በወለድ አገድ ይሰጣል፤ አበዳሪው ብሩ እስኪመለስለት እያረሰ ይበላል። ብዙውን ጊዜ ብሩ ሳይመለስ ዘመን ያልፋል። አዲሱ ሕግ በወለድ አገድ 7 ዓመትና ከዚያ በላይ የተያዘ መሬት ያለ ምንም ክፍያ ለባለቤቱ ይመለስ አለ።

ሕጉ ተጻፈ እንጂ አፈጻጸሙ ተጓተተ። በ1964 እና በ1965 በኮሚኒስት ፓርቲው የሚደገፈው የገበሬዎች ማህበር አባላቱን አሰልፎ መሬት በራሱ እጅ ማከፋፈል ጀመረ፤ በጃቫ መንደሮችም ደም ፈሰሰ። ከኦክቶበር 1965 በኋላ ጦር ሠራዊቱ ሥልጣን ሲይዝ በመላው አገሪቱ በትንሹ 500,000 ሰው እንደተገደለ ይገመታል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ የገጠር ሰዎች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት በመንደር ስለ መሬት ድርሻ አፉን ከፍቶ የሚናገር ሰው አልተገኘም።

አጨዳው የብዙዎች ነበር

የቀድሞው የጃቫ ሩዝ ረጅምና እኩል የማይደርስ ነው። ስለዚህ በማጭድ አይታጨድም። ሴቶች «አኒ አኒ» የምትባል በመዳፍ ውስጥ የምትደበቅ ትንሽ ስለት ይዘው የደረሰውን ዛላ አንድ በአንድ ይቆርጣሉ። ስለቷ የምትደበቀው ዴዊ ስሪ የተባለችው የሩዝ እመቤት እንዳትደነግጥ ነው ይላሉ ሽማግሌዎች።

አንድ ማሳ ሲደርስ የመጣው ሁሉ ያጭዳል፤ ባለ ማሳው አንቺ አትግቢ ብሎ መከልከል እንደ ነውር ይቆጠርበታል። ማታ ነዶው ባለ ማሳው ቤት ተወስዶ ይከፈላል። የአጫጇ ድርሻ «ባዎን» ይባላል። ከአምስት አንድ፣ ከስድስት አንድ፣ ከአሥር አንድ እየተባለ እንደ አካባቢው ይለያያል፤ ለዘመድና ለቅርብ ጎረቤት ከፍ ይላል፣ ከሩቅ ለመጣችው ዝቅ ይላል። አጨዳው ካለቀ በኋላ ደግሞ የወደቀውን የሚለቅሙ ቃራሚዎች አሉ። መሬት የሌላት ሴት በመከር ወራት ከማሳ ማሳ እየዞረች ለቤተሰቧ የብዙ ወራት ቀለብ ትሰበስባለች። ነዶው ወደ ቤት ከገባ በኋላም በሙቀጫና በዘነዘና የሚፈትጉት ሴቶች ናቸው፤ ለዚያም ከተፈተገው ሩዝ ይከፈላቸዋል።

አሜሪካዊው የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪ ክሊፎርድ ጊርትዝ በ1963 ይህን አኗኗር ድህነትን መካፈል ብሎ ሰየመው። ከእርሱ በኋላ የመጡት ብዙዎቹ አልተስማሙም፤ ክፍፍሉ እኩል እንዳልነበረና ባለ ብዙ ማሳው ሁልጊዜም ባለ ብዙ ማሳ እንደነበረ አሳይተዋል። ትችታቸው ትክክል ነው። ይሁን እንጂ እኩል ያልሆነ ድርሻና ምንም ድርሻ አለመኖር በአንድ ሚዛን አይቀመጡም፤ የሚቀጥሉት አሥር ዓመታት ይህን አሳዩ።

በ1960ዎቹ መጨረሻ ከፊሊፒንስ የምርምር ተቋም የወጡት አጫጭር የሩዝ ዝርያዎች ከማዳበሪያና ከፀረ ተባይ ጋር ወደ ጃቫ ገቡ። ምርቱ ጨመረ፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሄክታር ከ20 ኩንታል በታች የነበረው የአገሪቱ አማካይ ምርት በ1980ዎቹ አጋማሽ 40 ኩንታል ገደማ ደረሰ። በዓመት አንድ ጊዜ ይዘራ የነበረው ማሳ ሁለቴ፣ ሦስቴም መዘራት ጀመረ። ይህን ማቃለል አይገባም፤ ቀድሞ ከመከር በፊት ባሉት ወራት ካሳቫ ብቻ ይበላ የነበረ ሕዝብ ሩዝ በላ።

ነገር ግን አዲሱ ሩዝ እኩል ይደርሳል፤ ፍሬውም በቀላሉ ይረግፋል። ስለዚህ ማጭድ መጣ፤ በማጭድ የሚያጭዱትም ጥቂት ወንዶች ናቸው። ማዳበሪያውን በብድር የገዛው ባለ ማሳ ደግሞ በመቶ ለሚቆጠሩ አጫጆች ድርሻ እየሰጠ ብድሩን መክፈል አልቻለም። ጎረቤቶቹን ፊት ለፊት መከልከልም አፈረ። መፍትሔ የሆነለት «ቴባሳን» ነው። ሰብሉን በማሳው ላይ እንደቆመ ከመታጨዱ ከጥቂት ቀናት በፊት ለነጋዴ ይሸጠዋል። ነጋዴው የመንደሩ ሰው ስላልሆነ ይሉኝታ የለበትም፤ የራሱን ጥቂት አጫጆች በመኪና ጭኖ ይመጣል፤ በሚዛን መዝኖ በገንዘብ ይከፍላል። አኒ አኒዋን ይዛ የመጣችው ሴት ከድንበሩ ላይ ቆማ ትመለሳለች። በዚያው ሰሞን የሩዝ መፈተጊያ ወፍጮዎች በየመንደሩ ስለተተከሉ የሙቀጫውም ሥራ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቀረ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ በመዝገብ ላይ የተለወጠ ነገር የለም። ማሳው የነበረበት ስም ላይ ነው። የተወሰደው ንብረት በየትኛውም መዝገብ ያልተጻፈ ስለነበረ ተወሰደብኝ ብሎ አቤት የሚል፣ አቤቱታውንም የሚቀበል አልተገኘም።

ከላይ የመጣ ማህበር

በኢንዶኔዥያ የኅብረት ሥራ አሳብ አዲስ አልነበረም። በ1895 በማዕከላዊ ጃቫ ፑርዎከርቶ ከተማ የአገሬው ሹም የሆኑት ራደን ዊርያአትማጃ ሰዎችን ከአራጣ አበዳሪ ለማላቀቅ የቁጠባና የብድር ተቋም አቋቁመዋል። የነጻነት አባት ከሆኑት አንዱ የነበሩት ምክትል ፕሬዚዳንት ሙሐመድ ሃታ የኅብረት ሥራ አባት ይባላሉ፤ የ1945 ሕገ መንግሥት በ33ኛው አንቀጽ ኢኮኖሚው በቤተሰባዊ መንፈስ የጋራ ሥራ ሆኖ ይደራጃል ሲል የእርሳቸው አሳብ ነው። የመጀመሪያው የኅብረት ሥራ ማህበራት ጉባኤ በታሲክማላያ ሲካሄድ የነበረው ቀን፣ ጁላይ 12 ቀን 1947፣ ዛሬም የኅብረት ሥራ ቀን ነው።

ለስሪሃርጆና ለመሰሎቿ የደረሰው ማህበር ግን ሌላ ነው። በ1972 ድርቅ ሆኖ የሩዝ ዋጋ ሲንር መንግሥት በ1973 በፕሬዚዳንታዊ መመሪያ ቁጥር 4 የመንደር ኅብረት ሥራ ማህበራትን በየአካባቢው እንዲቋቋሙ አዘዘ። በአጭሩ «ካኡዴ» ይባላሉ። ማህበሩ ማዳበሪያና ዘር ያከፋፍላል፣ ብድር ያስተላልፋል፣ ሩዝ ገዝቶ ቡሎግ ለሚባለው የመንግሥት የእህል ድርጅት ያስረክባል። በወረቀት ላይ ሲታይ ገበሬው የሚያስፈልገው ሁሉ አለ።

በመጀመሪያው ዓመት ግን ለማህበሮቹ የተሰጣቸው የግዢ ኮታ ነበር። የገበያው ዋጋ ከመንግሥት ዋጋ በላይ ሲሆን ገበሬው አልሸጥም አለ፤ የመንደር ሹማምንትም ኮታውን ለመሙላት በግድ ሰበሰቡ። አባል የተባለው ገበሬ ማህበሩን ያወቀው ሩዙን በርካሽ የሚወስድበት ሆኖ ነው። በ1975 በተጀመረው የሸንኮራ መርሐ ግብርም እንዲሁ ሆነ። ፋብሪካ መሬት መከራየቱ ቀርቶ ገበሬው ራሱ በማህበሩ በኩል ሸንኮራ አልምቶ እንዲያስረክብ ሲባል አሳቡ መልካም ነበር፤ በተግባር ግን ተራህ ነው ተብሎ ሩዝ መዝራት የሚፈልገው ሰው ሸንኮራ እንዲተክል ተገደደ። ይህ መርሐ ግብር እስከ 1998 ቆየ።

ማህበሩን ይመሩ የነበሩት እነማን እንደሆኑ መገመት አያዳግትም። ሉንጉህ የያዙት ሹማምንት፣ የእነርሱ ዘመዶችና ጥቂት ባለ ሰፊ ማሳዎች ናቸው። ማዳበሪያው ቀድሞ የሚደርሰው ለእነርሱ ነው፤ የሩዝ ወፍጮውም ብዙ ጊዜ የእነርሱ ነው። ሕዝቡ «ካኡዴ» የሚለውን ምህጻረ ቃል ወስዶ የራሱን ትርጉም ሰጠው፤ «ሊቀመንበሩ ቀድሞ ያተርፋል» የሚል። በጃቫ ይህን ቀልድ ያልሰማ ገበሬ የለም።

ጥፋቱን ሁሉ በሊቀመናብርቱ ላይ መጣል ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ማህበሩ የራሱን ዋጋ አይወስንም፣ ከማን እንደሚገዛ አይመርጥም፤ ሒሳቡን የሚያቀርበው ከአባላቱ ይልቅ ለበላይ አካል ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ አባል የሚሆነው ማሳ ያለው፣ ብድርና ማዳበሪያ የሚወስድ ሰው ነው። አኒ አኒ ይዛ የምትዞረው ሴት ማህበር ውስጥ ስሟ የለም። ስለዚህ ቴባሳን ሲስፋፋ፣ ወፍጮ ሲተከል፣ ይህን ጉዳይ በስብሰባ ላይ የሚያነሳ አልነበረም። በምዕራብ ጃቫ በፓንጋሌንጋን ደጋ ያሉት የወተት አምራቾች ማህበር በተቃራኒው ጸንቶ ቆይቷል፤ እዚያ አባል የሚባለው ሁሉ በየቀኑ ወተቱን ይዞ የሚመጣ ሰው በመሆኑ ማህበሩ አንድ ቀን ቢያጎድል ያን ዕለቱን ይታወቃል።

በ1984 ኢንዶኔዥያ በሩዝ ራሷን ቻለች ተባለ። በኖቬምበር 1985 ፕሬዚዳንት ሱሃርቶ በሮም በዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ጉባኤ ላይ ተገኝተው ከኢንዶኔዥያ ገበሬዎች የተዋጣ 100,000 ቶን ያህል ሩዝ ለአፍሪካ ረሃብተኞች ሰጡ። ሀገራችን በ1977 ዓ.ም. ከደረሰባት ረሃብ ገና ባልወጣችበት ጊዜ መሆኑ ነው። በዓመቱ ደግሞ ቡናማው የሩዝ ተባይ ማሳዎችን አጠቃ፤ የተረጨው መርዝ ተባዩን የሚበሉትን ሸረሪቶች ጨርሶ ስለነበር መንግሥት በ1986 57 ዓይነት ፀረ ተባዮችን በሩዝ ላይ ከለከለ። ከ1989 ጀምሮ ገበሬዎች በየማሳው ተሰብስበው ነፍሳትን እየቆጠሩ የሚማሩባቸው የገበሬ የመስክ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። ይህ ዘዴ ከዚያ ወጥቶ ወደ ብዙ የአፍሪካ አገሮች ደርሷል።

በ1998 የሱሃርቶ መንግሥት ሲወድቅ የካኡዴ ብቸኛ የማዳበሪያና የግዢ መብት ቀረ። ብዙዎቹ ማህበራት በዚያው ቆሙ፤ ጽሕፈት ቤታቸው ተዘግቶ ምልክታቸው ብቻ ተሰቅሎ ቀረ።

ሜይ 27 ቀን 2006 ጠዋት 12 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ባንቱልን የመሬት መንቀጥቀጥ መታት። ከ5,700 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ የባንቱል ሰዎች ናቸው። ቀድሞ የእንጨትና የቀርከሃ የነበረው ቤት ኑሮ ሲሻሻል በጡብ ተተክቶ ነበር፤ ብረት በሌለው ጡብ የተሠራው ግድግዳ የተኙትን ሰዎች ተጫነ። ለቤት መሥሪያ የተሰጠው የመንግሥት ገንዘብ የተላለፈው አሥር አሥራ አምስት ቤተሰብ በሚሆኑ የጎረቤት ቡድኖች በኩል ነው። ቡድኖቹ ዕቃውን በአንድነት ገዝተው፣ የማን ቤት ይቅደም የሚለውን ተነጋግረው፣ በሳምባታን ሠሩ። በብዙ ቦታ ቤቱ የፈረሰበት ሰው ከተሰጠው ላይ ግድግዳው ለተሰነጠቀበት ጎረቤቱ አካፍሏል። ገንዘቡ በቂ ስላልነበረ ማጉረምረም አልጠፋም፤ ካኡዴ በ25 ዓመታት ያላገኘውን መተማመን ግን እነዚህ ቡድኖች አገኙት።

የመሬቱ ጉዳይ ግን ዞሮ ተመልሷል። በ2012 የወጣው የዮግያካርታ ልዩ ግዛት ሕግ ሱልጣኔቱ በሕግ ሰውነት መሬት እንዲኖረው ፈቀደ፤ በ2017 በወጣው የግዛቱ ደንብ መሠረት ለሹማምንት ማደሪያና ለመንደር ወጪ የሚውለው የጋራ መሬት ምንጩ የሱልጣኔቱ ነው ተብሎ ይመዘገባል። ገበሬው በግል የያዘው ማሳ የምስክር ወረቀት እየተሰጠበት ነው። በ2025 ደግሞ የኢንዶኔዥያ መንግሥት በመላው አገሪቱ 80,000 የመንደር ኅብረት ሥራ ማህበራትን በፕሬዚዳንታዊ መመሪያ ለማቋቋም ተነሳ፤ በጁላይ ወር በዮግያካርታ አጎራባች በክላተን ተመረቁ። ማህበራቱ ለመጋዘንና ለሱቅ የሚሆን ቦታ የሚጠይቁት ከዚያው ከመንደሩ የጋራ መሬት ነው። አባሎቻቸው እነማን እንደሚሆኑና ሒሳባቸውን ለማን እንደሚያቀርቡ ገና የሚታይ ነው።

አኒ አኒ በብዙ መንደሮች ለትዝታ ተቀምጣለች። ሩዙ በማጭድ ይታጨዳል፣ በሞተር ይወቃል፤ ሜዳ በሆነበት ቦታ ሁለቱንም ሥራ አንድ ማሽን ይሠራዋል። ማሽኑ ሲያልፍ ግን ባርኔጣ ያደረጉ አሮጊቶች ከረጢታቸውን ይዘው ከኋላው ወደ ማሳው ይገባሉ። ቃርሚያውን እስካሁን የከለከላቸው የለም።